በነነዌ የጾመች ላም

ላሟ የሞተችው በነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ያህሉን እርግጠኛ ነኝ ለማለት እደፍራለሁ። ረቡዕ ነበር የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ ግን ሰኞ ዕለት በቅዳሴ ብዙ ቆሜ እግሬ አብጦ እንደ ነበር፣ በማግስቱም ከቤት እንዳልወጣሁና ጩኸቱን የሰማሁት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሆነ አስታውሳለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ የዚህን ያህል የተጨበጠ አይደለም። የተቆጣ ሰው ጥሩ ምስክር አይሆንም፤ እኔም ይህን የምጽፈው ቁጣዬ ሳይበርድ ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት የከብት መኖ በማስተማር ነው። በዚሁ ትምህርት ባሕር ማዶ ተሻግሬ የመጨረሻውን ማዕረግ ይዤ ተመልሻለሁ፤ ስለ ሣር፣ ስለ ቅጠልና ስለ ሥር መኖ እየተናገርሁ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አርጅቻለሁ። ላም ግን ኖሮኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በሰፈራችን ፎቁ ከየአቅጣጫው እየከበባቸውም ቢሆን፣ በጓሯቸው አንድ ሁለት የወተት ላም የሚያረቡ አምስት ቤተሰቦች አሉ። ከብቶቹ ከቆርቆሮ በረት ሳይወጡ ፉርሽካና ፋጉሎ ይበላሉ፤ እሱ ሲጠፋ ጭድ ያላምጣሉ። ከወንዙ ዳር ደግሞ ለግንባታ ታጥሮ ለዓመታት ያልተነካ ባዶ ቦታ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየላጠ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ግንባታው እስኪጀመር ድረስ ቤተሰቦቹ መኖ እንዲዘሩበት ሲፈቀድላቸው፣ ማኅበር አቋቁመው ምክር ፍለጋ ወደ እኔ መጡ። ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ሰው ስለ መኖ የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የመከርኋቸው ሦስት ዘር ቀላቅለው እንዲዘሩ ነው። አጃው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቬች የሚባለው የጥራጥሬ መኖ አጃውን ተደግፎ ይሳባል፤ ከሥራቸው ተርኒፕ መሬቱን ይሸፍናል። ተርኒፕ ሥሩ ነጭና ድቡልቡል፣ ቅጠሉ የጎመን ዘመድ የሆነ ተክል ነው፤ ላም ቅጠሉን ግጣ ስትጨርስ ሥሩን ከመሬት እየመነገለች ትበላዋለች። አፈሩ እርቃኑን አይቀርም፣ ከብቱም በበጋ ለምለም ያገኛል። የሰፈሩ ሰው ተርኒፕ ማለት አልሆነለት ቢል «የዶክተሩ ሥር» አለው። ስሙን ወድጄው ነበር። አሁን ሲጠሩት ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ።

የዘራነው በጥቅምት ነው። ከባለ ላሞቹ አንዷ ባሏ የሞተባት፣ ጎጃም ተወልዳ በልጅነቷ ወደዚህ የመጣች ሴት ናት፤ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላምና የዚያችኑ ላም ጊደር ይዛ ትኖራለች። ከወተቱ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። የተርኒፕ ዘር ደቃቅ ስለሆነ አንድ ቦታ እንዳይከመር ከአሸዋ ጋር ይቀላቀል ብዬ ነበር፤ እሷ አመድ ይዛ መጣች። አሸዋ ለእጅ ይከብዳል፣ አመድ ግን የተዘራበትን ያሳያል አለችኝ። ልክ ነበረች። በስንት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ያላሰብሁት ነገር ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዘሩን መዳፉ ላይ አድርጎ አየውና፣

«ዶክተር፣ ይቺን ጤፍ የምታህል ነገር በትነን ነው ላም የምናጠግበው?» አለኝ።

«ሦስት ወር ታገሥ።»

«እኔስ እታገሣለሁ። ላሟን ማን ይንገራት?»

«አንተ ዝም ብለህ ዝራ» አለችው ሴትየዋ። «መሪ መያዝ እንጂ ዘር መያዝ አልለመድክም። በጣቶችህ መሃል እያፈሰስከው ነው።»

«ለወፎቹ ፌርማታ እየሠራሁላቸው ነው፤ እነሱም ተሳፋሪ ናቸው።»

ያን ቀን ሳቅን። በጥር መጨረሻ ቦታው አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ነበር። ወንዙ እየተጠለፈ ማሳው በተራ ይጠጣ ስለነበር ቅጠሉ ከጉልበት ያልፋል። ለየቤቱ አንድ አንድ መደብ ተከፍሎ በባሕር ዛፍ ችካልና በገመድ ተለየ። ከቤቴል ሳይቀር ሰው እየመጣ ያይ ነበር። እኔም በየጠዋቱ ምርኩዜን ይዤ ወርጄ አንዱን ተርኒፕ ነቅዬ አገላብጬ እያየሁ እንደ ልጅ እኮራ ነበር። እንግዲህ ያ ኩራት ሳምንት እንኳ አልቆየም።

እዚህ ላይ ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ለምለም መኖ በባዶ ሆድ አይበላም። የተራበች ላም ተርኒፕና ቬች ውስጥ ብትገባ ሳታላምጥ ትሰለቅጣለች፤ ሆዷ ውስጥ አረፋ ይነሣል፣ ነፋሱ መውጫ ያጣል፣ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ሳንባዋ ይታፈናል። ስለዚህ አስቀድሞ ጭድ ወይም ድርቆሽ ትበላለች፤ መጀመሪያ ሰሞን ከግማሽ ሰዓት በላይ አትሰማራም። ይህ ለባለሙያ ፊደል የመቁጠር ያህል ነው። ከመዝራታችን በፊት፣ በመስከረም መጨረሻ አንድ እሑድ፣ በእድሩ አዳራሽ ተሰብስበውልኝ ሁሉንም አስረድቻለሁ። ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ አንደኛው ስለ አዘራሩና ስለ አፈሩ፣ ሁለተኛው ስለ አሰማማሩ። ሁለቱንም አንብቤላቸዋለሁ። ላሟ በሞተች ቀን ይህን በእግዚአብሔር ስም እምል ነበር።

ሴትየዋ በተወለደችበት አገር በነነዌ ሰው ብቻ አይጾምም። የነነዌ ንጉሥ ከብቱም ምንም እንዳይቀምስ አዝዞ ነበርና፣ እነሱም ሦስቱን ቀን ከብቱን ከመኖ ከልክለው፣ ጥጃውን ከእናቱ ለይተው፣ ሰው ጾሙን ሲፈታ አብረው ይፈቱለታል። እሷ ይህን ልማድ አዲስ አበባም መጥታ አልተወችውም። በየዓመቱ ታደርገዋለች፤ በየዓመቱም ላሟ ከቀትር በኋላ የምትፈታው በጭድ ስለነበር ምንም አልሆነችም። በዚያ ዓመት ግን በረቱ ውስጥ ጭድ፣ ወንዙ ዳር ደግሞ የዶክተሩ ሥር ነበር። ጾማ ለዋለች ላም የትኛውን ትሰጣለህ? እሷ የተሻለውን ሰጠች። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገመዱን ፈትታ ወደ መደቧ አስገባቻት፤ ራሷ ጾሙን ልትፈታ ወደ ቤቷ ገባች።

ጩኸቱን ሰምቼ ስወርድ ላሟ አራት እግሯን አራርቃ፣ ምላሷን አውጥታ ቆማለች። ግራ ጎኗ ከጀርባዋ በላይ አብጧል። ሊቀመንበሩ ለእንስሳት ሐኪሙ ደውሎ፣

«ከዘነበወርቅ ተነሥቷል፤ አየር ጤና ላይ ታክሲው ቆሞበታል» አለኝ። «እስከዚያ ምን እናድርግ፣ ዶክተር?»

ዘይት አጠጧት አልሁ፤ አጠጧት። ዳገት አስይዟት አልሁ፤ ጎተቷት። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ነው። በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌዋ መካከል ባለው ጎድጓዳ፣ በግራ በኩል፣ ሆዷን በቢላዋ ወግቶ ነፋሱን ማውጣት። ይህን በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደ ሣልሁት አላውቅም። አንዱ ጎረቤት ከቤቱ ቢላዋ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። ጎድጓዳው ቦታ ግን ጎድጓዳ አልነበረም፤ ተወጥሮ ከሌላው ሁሉ ከፍ ብሏል። የሰሌዳው ላም እንዲህ አትመስልም ነበር። ሐኪሙ ይደርሳል ብዬ አሰብሁ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቆምሁ፤ ምናልባትም አሥር። ላሟ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ወደቀች፣ አንድ ጊዜ እግሯን ዘረጋች። ቢላዋው አልደማም።

ሰው ሲጸጸት ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ጮኽሁ። በዚያች ሴት ላይ ጮኽሁ።

«ላም እንድትጾም ማን አዘዘሽ? ቄስ አዘዘሽ?»

«ጋሼ፣ እንስሶቹም ጾመዋል ይላል እኮ መጽሐፉ።»

«የነነዌ ከብት ተርኒፕ አልነበረውም!»

ሊቀመንበሩ ሳያስበው ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። የሞተችውን ላም ጡት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ጭቃ ነክቶት ነበር። እኔ ይህን እያየሁ እንኳ አላቆምሁም። አስጠንቅቄሻለሁ፣ በጽሑፍ አስጠንቅቄያለሁ፣ ሰው የተማረውን የማይሰማ ከሆነ የተማረ ምን ያደርጋል፤ እንዲህ እያልሁ ቤቴ እስክገባ ድረስ ተናገርሁ። ለቀናትም ለራሴ ደጋገምሁት።

ማኅበሩ ጉዳዩን ለማየት ቀጠሮ ያዘ። መደቡ እኔ በሰጠሁት መመሪያ ላልተጠቀመ አይሰጥም የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሐሳቡ ከጸደቀ ሴትየዋ ድርሻዋን ታጣለች። የቀረቻት ጊደር ደግሞ አርግዛለች። ያለ መደቡ ጊደሯን ቀልባ ለወተት የምታደርስበት መንገድ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። ሊቀመንበሩ ለመረጃ የሚሆን ጽሑፍህን አምጣልን ብሎ ሳይሆን፣ በአክብሮት፣ «ያቺን ሁለት ገጽ ብናገኛት ጥሩ ነበር፣ ዶክተር» አለኝ። ልፈርድባት ወረቀቱን ፍለጋ ገባሁ።

ወረቀቱን ያገኘሁት በቡናማ ክላሴር ውስጥ ነው። እኔ ካስተማርሁበት ዘመን ጀምሮ የማይለቀኝ ልማድ አለኝ፤ አንድ አንቀጽ ጮክ ብዬ አንብቤ በጨረስሁ ቁጥር ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጭረት አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ እስከ ታች ጭረት አለው። ሁለተኛው ንጹሕ ነው። አገላበጥሁት። መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። አንዲት ጭረት የለችበትም።

ያኔ ጥሩንባው ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝ ስል እጠነቀቃለሁ፤ ምናልባት ወረቀቱን ካየሁ በኋላ የፈጠርሁት ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ነው የምሰማው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሼ ውኃ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሣ፣ ከውጭ የእድሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ለፋፊው አንድ ሰው ማረፉን ይናገራል፤ ወንበር ይንኳኳል፣ ሰው ሁሉ ይነሣል። እኔም ተነሥቼ ወደ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ። የቀረውን ከሣልስቱ በኋላ እጨርሳለሁ ብዬ ይሆናል። ሁለተኛውን ገጽ ሳነብ የሚሰማኝ ድምፄ፣ ቤቴ ውስጥ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ የተለማመድሁት ድምፅ ነው እንጂ አዳራሹ ውስጥ የሰማው ሰው የለም። ጭረቷን ረስቼ ይሆናል ብዬ ራሴን ለማግባባት ሁለት ቀን ሞከርሁ። በስንት ወረቀት ያልረሳኋትን፣ በዚያ ገጽ ላይ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች ልረሳት? ሊሆን አይችልም።

ስብሰባው የተደረገው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ በዚያው በእድሩ አዳራሽ ነው፤ ከአምስቱ ቤተሰብ ሌላ የእድሩም ሰው መጥቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ነገሩን ዘርዝሮ ሲጨርስ እጄን አነሣሁ።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አልሁ። «ስለ አሰማማሩ የጻፍሁትን አላነበብሁላችሁም። እዚህ ቦታ ላይ አቋርጬዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ።

«ዶክተር፣ እኛ እኮ እናውቅዎታለን። አዝነውላት ነው።»

«አዝኜ አይደለም። አላነበብሁም ነው የምለው።»

«እርስዎ? ዕድሜ ልክዎን ያስተማሩ ሰው?»

«ጥሩንባ ተነፍቶ ተነሣችሁ። አንተ ራስህ ቀድመህ ነው የወጣኸው።»

«እኔማ ምን ጊዜም ቀድሜ ነው የምወጣው። ሹፌር መጨረሻ ሲወርድ አይተው ያውቃሉ?»

አዳራሹ ሳቀ። ወረቀቱን አወጣሁ፣ ጭረቱን አሳየሁ። አንዱ ተቀብሎ አየና፣ «የዶክተር ጽሑፍ እንዴት ያምራል» ብሎ ለጎረቤቱ አሳለፈ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የእርሳሱን ነገር ያነሣ አልነበረም። በዚህ መሃል ሴትየዋ ከኋላ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጋሼ ነግረውኛል» አለች። «የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«መቼ ነገርሁሽ?» አልኋት።

«ነግረውኛል።»

«ምን ብዬ?»

«እንደሚያስረዱት አድርገው ነዋ።»

ደግመው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተባለም። ሴትየዋ አጥፍታለች፤ ነገር ግን ለዶክተሩ ክብር ሲባል መደቧ እንዳይነጠቅ ተወሰነ። ሰዎች ወደ እኔ እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። ደግ ሰው ነዎት አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሰድቤ አላውቅም።

ውጭ ጠብቄ ያዝኋት።

«ለምን ዋሸሽ?»

«እና በሰው ፊት፣ በሽምግልናዎ፣ አልነገሩኝም ልበል?»

«አዎ፤ በይ።»

«አልልም፣ ጋሼ።»

«የሞተችው እኮ ያንቺ ላም ናት።»

«ላሜማ ሞታለች» አለችኝ። «እርስዎ ግን አሉ።»

ጥያት ሄድሁ፤ የሄድሁት ደግሞ ስለ ረታችኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። ይሉኝታ ጨዋነት ነው እየተባልን አድገናል። በዚያ አዳራሽ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንዲት ሴት እኔን ላለማሳፈር የራሷን ጥፋተኝነት በገዛ አፏ አጸደቀች፤ አርባ የሚሆን ሰው ደግሞ እውነቱን ከምናገርበት አፌ ላይ ነጥቆ ቸርነት አድርጎ መለሰልኝ። የተማረ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ማመን ከብዷቸው አይደለም። ቢያምኑኝ በእኔ ላይ አንድ ነገር መወሰን ይኖርባቸዋል፤ ያን ከሚያደርጉ እሷን ጥፋተኛ አድርገው ምሕረት ማድረግ ይቀላቸዋል። በእነሱ እቆጣለሁ። በራሴም እቆጣለሁ፤ ወረቀቱን ባላገኘው ኖሮ ያንኑ ፍርድ ራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ እፈርደው ነበርና።

ግንባታው አልተጀመረም፤ በዘንድሮው ጥቅምት እንደገና ተዘራ። ጊደሯም በመስከረም ወልዳ ነበር። የነነዌ ጾም ሲገባ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ቅዳሴውን ትቼ ምርኩዜን ይዤ ወደ በረቷ ወረድሁ። እዚያ ስደርስ ያቺ ትናንት ጊደር የነበረች ላም አፏን እስከ ዐይኗ ጭድ ውስጥ ቀብራ ታላምጣለች።

«በልታለች?» አልሁ።

«ጎሕ ሳይቀድ ጀምራ።»

«ጾሙስ?»

«የሷን እኔ ይዤላታለሁ።»

ምን ማለቷ እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ሦስቱን ቀን እህልም ውኃም አልቀምስም አለችኝ፤ የራሷን በአንድ በኩል፣ የላሟን በሌላ በኩል። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜ፣ በረት እየጠረግሽ፣ ውኃ ሳትቀምሺ ሦስት ቀን እንዴት ይሆናል፣ ሰውነት እኮ ብዬ ማስረዳት ስጀምር እጇን አነሣች።

«ጋሼ፣ ስለ ላም ይንገሩኝ፤ እሰማለሁ። ስለ ጾም የነፍስ አባት አለኝ።»

ከኮቴ ኪስ ወረቀቱን አወጣሁ። ሁለተኛውን ገጽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይዤው ስለዞርሁ ማጠፊያው ሊቀደድ ደርሷል። በረቱ በር ላይ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብሁላት። ድምፄ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ ማስተካከል አልቻልሁም። እሷ አንድ እጇን ላሟ ጀርባ ላይ አድርጋ ሰማች። አንድ አንቀጽ ስጨርስ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ደግፌ በእርሳስ እጭራለሁ፤ እሷም እስክጭር ትጠብቀኛለች። ስለ ባዶ ሆድ የሚለውን ሳነብ ዐይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

«ጨረሱ?»

«ጨረስሁ።»

«እንግዲህ» አለችና ገመዱን መፍታት ጀመረች፣ «አሁን ነግረውኛል።»